ኮካኒው አልጠፋም፣ ውሃው ነው የጠፋባችሁ፦ ለባልና ሚስት የጁላይ ጉዞ ምላሽ

ጥያቄው፦ «እኔና ባለቤቴ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው የምንኖረው። ሁለታችንም ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው ያደግነው። አሳ ማጥመድ አዲሳችን አይደለም። ባለ 16 ጫማ ጀልባ ገዝተን ባለፈው ጁላይ ብሉ ሜሳ የግድብ ሐይቅ ላይ አራት ቀን ኮካኒ የሚባለውን ሳልሞን ስናጠምድ ከረምን። ጀልባው እየሄደ ማባበያውን ከኋላ እንጎትታለን። ሁለት አሳ ብቻ አገኘን። አምስት ደግሞ ጀልባው ጋ ከደረሱ በኋላ አመለጡን። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን፣ ፍጥነታችን በሰዓት 2 ማይል ተኩል ነው፣ ክሩ ላይ 2 አውንስ እርሳስ እናስራለን። አሳ ሲነክስ ባለቤቴ ቶሎ ብሎ ሞተሩን ያጠፋል። ዘንድሮ ዘጠኝ ቀን ፈቃድ አለን፤ ብሉ ሜሳንና ፍሌሚንግ ጎርጅን አስበናል። ምን እንግዛ? የትኛው ቀለም ይሻላል? ደግሞስ አሳውን እንደ ክትፎ ጥሬውን መብላት ይቻላል?»

እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው «አሳ የለም» ብቻ ብሎ ነው የሚጽፍልኝ። እርስዎ ግን ሰዓቱን፣ ፍጥነቱን፣ የእርሳሱን ክብደት ሳይቀር ነገሩኝ። ስለዚህ ገምቼ አልመልስም። ያ ሁሉ የሆነው ለምን እንደሆነ ከጻፉት ላይ ይታያል።

ስለ ቀለም ጠይቀዋል፣ እመለስበታለሁ። ቀለም ግን የመጨረሻው ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው የውሃው ሙቀት ነው።

ዝዋይ ዳር ማደጋችሁ እዚህ ላይ ትንሽ ሳያሳስታችሁ አልቀረም። ዝዋይ ጥልቀቱ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሳ ውሃው ከላይ እስከ ታች ይማሰላል። ቆሮሶ ሙቅ ውሃ ይወዳል፣ ዳር ዳሩን ይውላል። አምባዛ ደግሞ ከታች ጭቃው ላይ ነው። ሰው እዚያ ሲያድግ «አሳ ወይ ዳር ነው ወይ መሬት ላይ ነው» ብሎ ይማራል። ብሉ ሜሳ ግን ሲሞላ ግድቡ አጠገብ ጥልቀቱ 100 ሜትር ገደማ ነው። ኮካኒ ዳርም አይደለም፣ መሬት ላይም አይደለም። ከላይ ብዙ ውሃ፣ ከታች ብዙ ውሃ፣ እሱ መሃል ላይ ተንሳፎ ነው የሚኖረው።

ጥልቅ ሐይቅ በበጋ በንብርብር ይከፈላል። ፀሐይ የላይኛውን ታሞቀዋለች። የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀራል። ነፋስም ቢሆን ማማሰል የሚችለው ያንን የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው። ከሱ በታች ሙቀቱ በጥቂት ጫማ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ በታች ያለው ውሃ በጋውን ሙሉ እንደቀዘቀዘ ይቆያል። ኮካኒ ወደ ባሕር የማይሄድ፣ ሐይቅ ውስጥ ኖሮ የሚሞት ሶካይ ሳልሞን ነው። የሚስማማው ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ፋራናይት ያለ ውሃ ነው፣ በሴልሺየስ ከ10 እስከ 13 መሆኑ ነው። በጁላይ እንዲህ ያለ ውሃ ከላይ አይገኝም።

እናንተ ያሰራችሁት 2 አውንስ እርሳስ በዚያ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው 15 ጫማ አያልፍም። አራት ቀን ሙሉ ማባበያችሁ ከአሳው ራስ በላይ ሠላሳና አርባ ጫማ ከፍ ብሎ ሲያልፍ ነበር ማለት ነው። ኮካኒ ደግሞ ለምግብ ብሎ ያን ያህል አይወጣም። የሚበላው ዳፍኒያ የሚባሉትን ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ነው፣ በስንጥቡ እያጠለለ። ማባበያ የሚነክሰው ርቦት አይደለም። ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅና የሚረብሸው ነገር ሲመጣበት ተቆጥቶ ነው ብለን ነው የምናምነው። ስለዚህ ማባበያው ፊቱ ድረስ መሄድ አለበት።

አሁን ምን እንደምትገዙ ልንገራችሁ። አንደኛ ዳውንሪገር። ከባድ የብረት ኳስ፣ 8 ወይም 10 ፓውንድ የሚመዝን፣ በሽቦ የሚወርድ። የማጥመጃ ክሩ በቆንጥጦ ያዥ ከሽቦው ጋር ይያያዛል፣ አሳው ሲነክስ ይለቀቃል። ምን ያህል ጫማ እንደወረደ ቁጥሩ ላይ ይታያል። በእጅ የሚዞረው ይበቃችኋል፣ ኤሌክትሪኩን አሁን አትግዙ። ሁለት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አንድም ቢሆን ግን ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይቅደም። ገንዘቡ ካልደረሰ ውስጡ እርሳስ ያለበት፣ በየ10 ያርዱ ቀለሙ የሚቀየር ክር አለ። በኮካኒ ፍጥነት አንዱ ቀለም በግምት 5 ጫማ ይወርዳል። ስምንት ቀለም ብትለቁ 40 ጫማ አካባቢ ናችሁ። ይሠራል፣ ግን ትንሽ አሳ ሲይዝ ክብደቱ የአሳውን ጨዋታ ይገድለዋል።

ሁለተኛው ቴርሞሜትር ነው። ተራ የማጥመጃ ቴርሞሜትር። ዳውንሪገሩ ኳስ ላይ እሰሩት፣ ጀልባውን አቁሙ፣ 20 ጫማ አውርዱት። ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። በፍጥነት አውጥታችሁ አንብቡ። ከዚያ 30፣ 40፣ 50። ደብተር ላይ ጻፉት። ብሉ ሜሳ ላይ ከአንድ የጁላይ ጠዋት ማስታወሻዬ ልጥቀስላችሁ፦ ላይ 67፣ 20 ጫማ ላይ 65፣ 30 ላይ 61፣ 40 ላይ 56፣ 50 ላይ 52። በዚያን ቀን አሳው ሁሉ ከ42 እስከ 50 ጫማ ነበር። ሶናሩ (ከጀልባው ሥር ያለውን አሳ በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ) ላይ አረንጓዴ ቅስቶች እንደ መንጋ ተሰብስበው ይታዩ ነበር፣ ከነሱ በላይ ምንም። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ያተርፍላችኋል። በየሐይቁ፣ በየሁለት ቀኑም ድገሙት። የግድብ ውሃ ይለቀቃል፣ ይቀንሳል፣ ንብርብሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ሰዓቱን በተመለከተ 3 ሰዓት ተኩል ዘግይቷል። በኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ክራችሁ ውሃ ውስጥ ይሁን። ሌሊት ዳፍኒያው ወደ ላይ ይወጣል፣ ኮካኒም ይከተለዋል። ብርሃን ሲመጣ ሁለቱም ይወርዳሉ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ አንዱን ዘንግ 25 ጫማ፣ ሌላውን 40 ላይ አድርጉ። ፀሐይዋ ተራራውን ስትዘል ሁለቱንም አምስት አምስት ጫማ አውርዱ። ከዚያም በየግማሽ ሰዓቱ ሶናሩን እያያችሁ። ማባበያው ከአሳው ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን እንጂ ከታች አይሁን። ኮካኒ ወደ ላይ ያያል፣ ወደ ታች እምብዛም አይሄድም።

2 ማይል ተኩል ለሌላ አሳ ይሆናል። ለኮካኒ በጂፒኤስ ከ1.2 እስከ 1.5 ማይል በሰዓት ነው። ባለቤትዎ ሞተሩ ፍጥነቱን አልቀንስ ካላቸው አንድ ባልዲ በገመድ ከኋላ አስረው ይጎትቱ፣ ጀልባውን ይይዘዋል። ቀጥ ብላችሁም አትሂዱ። እንደ እባብ እየተጠማዘዛችሁ ሂዱ። ጀልባው ሲዞር በውጭ በኩል ያለው ማባበያ ይፈጥናል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይዘገያል። አሳው ሁልጊዜ የውጩን ከነከሰ ፍጥነት ጨምሩ፣ የውስጡን ከነከሰ ቀንሱ። አሳው ራሱ እየነገራችሁ ነው።

ማባበያው ራሱ ትንሽ ነው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ። ከፊቱ ዶጀር የሚባለው የሚወዛወዝ ብረት ይታሰራል፣ ከ4 እስከ 6 ኢንች የሆነ። ከዶጀሩ እስከ ማባበያው ያለው ክር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ትንሿ የፕላስቲክ ስኩዊድ በራሷ አትንቀሳቀስም፣ ዶጀሩ ነው የሚያንቀጠቅጣት። ስለዚህ ክሯ አጭር ይሁን፣ ከ8 እስከ 14 ኢንች። ከረዘመ እንደ ሞተ ነገር ትጎተታለች። የምትሽከረከረዋ ማባበያ ግን በራሷ ስለምትሠራ 20 ኢንች ድረስ ብትረዝምም ችግር የለም። ቀለም፦ ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ሎሚ አረንጓዴ። ሦስቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሌላውን ሱቅ ውስጥ ተዉት። ቀይ ከ40 ጫማ በታች ቀይ ሆኖ አይታይም፣ ይጠቁራል። መንጠቆው ላይ አንድ ፍሬ ነጭ በቆሎ ማድረግ በጣም ይረዳል፣ ግን የበቆሎ ሕግ ከስቴት ስቴት ይለያል። የዓመቱን የማጥመድ ደንብ ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ በቀን ስንት አሳ እንደሚፈቀድም እዚያው ታገኛላችሁ። እጃችሁ ላይ የጸሐይ ክሬም ወይም ቤንዚን ካለ ማባበያውን አትንኩ።

አሁን ወደ አምስቱ ያመለጡት አሳዎች። እውነቱን ለመናገር ከጥያቄዎ ሁሉ ልቤ የቀረው እሱ ላይ ነው። ያን ያህል ደክሞ ጀልባው ጋ ያደረሱትን አሳ ማጣት ያማል።

የኮካኒ አፍ ስስ ነው። እንደ ረጠበ ወረቀት ይቀደዳል። መንጠቆው የገባበት ቀዳዳ በጉተታ ይሰፋል። ከዚያ ለአንዲት ሰከንድ ክሩ ሲላላ መንጠቆው ራሱ ይወድቃል። ባለቤትዎ ሞተሩን ሲያጠፉ የሚሆነው ይኸው ነው። ጀልባው ይቆማል፣ አሳው ወደ ጀልባው ይዋኛል፣ ክሩ ይላላል። ስለዚህ አሳ ሲነክስ መሪውን የያዘ ሰው ምንም አይንካ። ያው ፍጥነት፣ ያው አቅጣጫ ይቀጥል። ነፋስና ሌላ ጀልባ ካልሆነ በስተቀር ሥራው ያ ብቻ ነው።

ዘንጉን የያዘው ደግሞ አይመንጭቅ። እኔ አምባዛ ስይዝ ያደገ እጅ ነበረኝ፣ ዘንጉን ወደ ላይ በኃይል መምታት ለምጄ። መጀመሪያው ሰሞን ስንቱን አፍ እንደቀደድኩ አልረሳውም። ዳውንሪገር ላይ ያለ ዘንግ ወደ ውሃው ተለጥጦ ጎብጦ ነው የሚቀመጠው። አሳ ሲነክስ ጫፉ ይንቀጠቀጣል፣ ክሩ ከቆንጣጩ ሲለቀቅ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ያኔ አንሱትና ዝም ብላችሁ ጠቅልሉ። ክብደቱ እስኪሰማችሁ በፍጥነት፣ ከተሰማችሁ በኋላ በዝግታ ሳታቋርጡ። ዘንጉ ለስላሳ ይሁን፣ ከእጀታው አጠገብ ጀምሮ የሚጎብጥ። የክር መጠቅለያው ፍሬን በሁለት ጣት ክሩን ስትስቡት እሺ ብሎ የሚለቅ ይሁን።

ጀልባው ጋ ሲደርስ ኮካኒ ያብዳል። ይዘላል፣ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። አምስቱም ያመለጡት እዚህ ነጥብ ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። መረብ የያዘው ሰው መረቡን አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይክተት። አሳውን በመረብ አታሳዱት። ዘንግ የያዘው ሰው አሳውን በጭንቅላቱ በኩል ወደ መረቡ ይምራው፣ ከዚያ ብድግ። ሁለት ሰው ናችሁና አንዳችሁ መሪና መረብ፣ አንዳችሁ ዘንግ። በየአሳው ተለዋወጡ። አንዱ ሁልጊዜ መሪ ላይ ከቀረ ጉዞው የአንድ ሰው ይሆናል፣ እንደዚያ ሆነው የተኮራረፉ ባለትዳሮች አይቻለሁ።

የዘጠኙን ቀን እንዲህ ብትከፍሉት እመክራለሁ። አራቱን ቀን ብሉ ሜሳ፣ አንዱን ለመንገድና ለዕረፍት፣ ሦስቱን ፍሌሚንግ ጎርጅ፣ የመጨረሻውን ለመመለስ። ብሉ ሜሳን ያስቀደምኩት ስለምታውቁት ነው፤ አዲሱን ዘዴ በሚታወቅ ውሃ መለማመድ ይሻላል። ሐይቁ ሦስት ክፍል አለው። ከምሥራቅ አዮላ፣ መሃል ሴቦያ፣ ወደ ግድቡ ሳፒኔሮ። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲያልቅ ውሃ የዋጣቸው መንደሮች ስም ነው። አዮላ ጥልቀት ስለሌለው ቶሎ ይሞቃል፣ በጁላይ እለፉት። ሴቦያና ሳፒኔሮ ላይ ቆዩ።

ብሉ ሜሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,290 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከምዕራብ በሸለቆው ይመጣል፣ ድንገት ነው፣ ባለ 16 ጫማ ጀልባን ያስቸግራል። በጁላይ ደግሞ መብረቅ ያለው ዝናብ የተለመደ ነው። ከጠዋቱ 5 ሰዓት በኋላ ውሃ ላይ አትሁኑ። የሕይወት አድን ጃኬቱ ወንበር ሥር ሳይሆን ሰውነታችሁ ላይ ይሁን። ውሃው እዚያ ከፍታ ላይ በበጋም ይበርዳል፣ ጎበዝ ዋናተኛንም ያደክማል። ይህን ነገር እለምናችኋለሁ።

ፍሌሚንግ ጎርጅ ሌላ ዓለም ነው። ርዝመቱ 91 ማይል፣ ገሚሱ ዋዮሚንግ፣ ገሚሱ ዩታ። ውሃው ሰፊ ነውና ሩቅ አትሂዱ። ሉሰርን ቫሊ ላይ ሰፍራችሁ በዚያ ዙሪያ ሥሩ። በጁላይ አሳው ብዙ ጊዜ ከብሉ ሜሳው ጠለቅ ይላል፣ ከ50 እስከ 70 ጫማ ጠብቁት፣ ቴርሞሜትሩ ግን የሚለውን ይበል። ፈቃድ ስትገዙ ሐይቁ የሁለት ስቴት መሆኑን ንገሯቸው፣ ሁለቱም ወገን ላይ ማጥመድ እንደምትፈልጉም ጠይቁ። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ስትሄዱ ጀልባው ይፈተሻል። ዜብራና ኳጋ የሚባሉት ቀንድ አውጣ መሰል ወራሪዎች ከጀልባ ጋር ነው የሚጓዙት። አንዴ ከገቡ ዳፍኒያው የሚኖርበትን ምግብ እያጣሩ ይጨርሱታል። ዳፍኒያ ከሌለ ኮካኒ የለም። ስለዚህ ከብሉ ሜሳ ስትወጡ ጀልባውን እጠቡ፣ የሞተሩንም የውስጡንም ውሃ አፍስሱ፣ በደንብ አድርቁ። የፍተሻ ጣቢያዎቹ የሥራ ሰዓት አላቸው፣ ቀድማችሁ እዩት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከ50 ጫማ ቅዝቃዜ ወጥቶ 67 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የደረሰ ኮካኒ ተመልሶ ቢለቀቅም ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ትንሹን እየለቀቁ ትልቁን መፈለግ በበጋ አይሆንም። የያዛችሁትን ውሰዱ፣ የተፈቀደው ቁጥር ሲሞላ ክሩን ጠቅልሉ። የብሉ ሜሳ ኮካኒ በመጸው በጋኒሰን ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ ሮሪንግ ጁዲ የሚባለው የአሳ ማራቢያ ድረስ ይሄዳል። እዚያ እንቁላሉ ይወሰዳል። በኮሎራዶ ሌሎች ሐይቆች ከሚጨመረው የኮካኒ ጫጩት ብዙው ከዚያ እንቁላል የሚፈለፈል ነው። አሳው እንደ ሳልሞን ሁሉ እንቁላል ከጣለ በኋላ ይሞታል፣ በሦስት ወይም በአራት ዓመቱ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወልደው። እናንተ በጁላይ የምትይዙት ትልቁ አሳ በዚያው መጸው ለመውጣት የተዘጋጀው ነው። ኦገስት ሲያልቅ መቅላት ይጀምራል፣ ሥጋውም ይላላል። ጁላይን መምረጣችሁ ጥሩ ነው።

እንደያዛችሁት ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ። ከዚያ በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ኩለር ውስጥ ክተቱት። በረዶ ብቻውን አሳውን በአንድ ጎን ነው የሚነካው፣ ውሃ ሲጨመርበት ዙሪያውን ያቀዘቅዘዋል። የዚያኑ ቀን ሆዱን አጽዱ። ሥጋው ብርቱካናማ ቀይ ነው፣ ቅባት አለው፣ ቸል ከተባለ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለሰልሳል።

ጥሬውን ግን አትብሉ። የንጹሕ ውሃ ሳልሞንና ትራውት ሥጋ ውስጥ የኮሶ ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል እጭ ሊኖር ይችላል፣ በዓይን ለማየት ይከብዳል። ለብ ለብም አያድንም። የሚገድለው 145 ዲግሪ ፋራናይት የደረሰ ሙቀት ነው፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ሴልሺየስ ላይ ሰባት ቀን ማቆየት። የቤት ፍሪዘር ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይቀዘቅዝም።

የክትፎው ጣዕም ከሆነ ያማራችሁ እኛ ቤት እንዲህ እንሠራዋለን። ሥጋውን በቆዳው በኩል መጥበሻ ላይ ክዳን ገጥመን እስኪበስል እንተወዋለን፣ ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው። ከቆዳው ላይ በሹካ እንፈለፍለዋለን፣ አጥንቱን እንለቅማለን። ከዚያ ንጥር ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ እንደ ትኩሱ ማዋሃድ። ጉዟችሁ ከጁላይ 12 በፊት ከሆነና ጾመ ሐዋርያትን አሳ እየበላችሁ የምትጾሙ ከሆነ ቅቤውን በዘይት ተኩት፣ ሎሚም ጨምሩበት።